«60 ዋት» የሚል መያዣ ላይ 100 ብገጥምስ? ስለ አምፖልና ዋት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሥራዬ የቤት ውስጥ ኤሌክትሪክ ነው። ሰው የሚደውልልኝ ቆጣሪ ሲያስቸግር ወይም የእንጀራ ምጣድ አልግል ሲል ነው። ሥራው አልቆ ቡና ሲቀርብ ግን ወሬው አምፖል ላይ ያርፋል። «ሳሎኑ ጨለመብኝ፤ ትልቅ አምፖል ልግጠምበት?» ይሉኛል። እዚህ የሰበሰብኩት እንዲህ ያለውን ነው። ከውጭ አገር ዘመድ በስልክ የሚጠይቀኝንም ጨምሬበታለሁ።

መያዣው ላይ «ከ60 ዋት አይበልጥ» ይላል። 100 ብገጥም ምን ይሆናል?

አምፖሉ የድሮው፣ ውስጡ ክር ያለው ከሆነ አትግጠሙ። ኤልኢዲ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

ብዙ ሰው ያ ቁጥር ስለ ኤሌክትሪኩ ይመስለዋል። ስለ ሙቀት ነው። የድሮው አምፖል ከሚበላው ኃይል ብርሃን የሚሆነው ቢበዛ ከአሥር አንዱ ነው። ሌላው በሙሉ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ክሩ ራሱ ከ2500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይግላል። እንግዲህ 100 ዋት አምፖል ስትሰቅሉ የሰቀላችሁት ማሞቂያ ነው፤ ብርሃኑ እንደ ምርቃት ነው። አሜሪካኖች ከ1963 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለልጆች የሚሸጡት አንድ መጫወቻ ምድጃ አላቸው። ለብዙ ዓመታት በተራ አምፖል ሙቀት እውነተኛ ኬክ ይጋግር ነበር።

መያዣውን፣ ማለትም አምፖሉ የሚገባበትን ሙሉ ዕቃ፣ የሠራው ፋብሪካ 60 ብሎ ሲጽፍ «በዚህ መስታወት፣ በዚህ ፕላስቲክ፣ በዚህ ሽቦ የ60 ዋት ሙቀት ያለ ችግር ይወጣል» ማለቱ ነው። 100 ስታስገቡ የተረፈው ሙቀት መውጫ ያጣል። ሙቀት ደግሞ ወደ ላይ ነው የሚሄደው። ላይ ያለው ምንድን ነው? አምፖሉ የሚጠመድበት ሆልደር፣ የሽቦው ጫፍ፣ ከዚያ ኮርኒሱ።

ጎረቤቴ ግን እንዲህ አድርጎ ዓመታት ኖሯል። ምንም አልሆነም።

ይህንን መልስ ከሁሉም በላይ እፈራዋለሁ። ጉዳቱ ቀስ ብሎ ስለሚመጣ ሁሉም «ምንም አልሆነም» ይላል።

ተራው የቤት ሽቦ ልባሱ ፕላስቲክ ነው፤ የሚችለው እስከ 70 ዲግሪ ገደማ ነው። ከዚያ በላይ ለጥቂት ሰዓት ቢሞቅ አይቀልጥም። በየማታው ሲሞቅ፣ ሲቀዘቅዝ፣ እንደገና ሲሞቅ ግን ይደርቃል። መጀመሪያ ቀለሙ ይቀየራል። ቀጥሎ መተጣጠፍ ያቆማል። በመጨረሻ እንደ ድርቆሽ እንክትክት ይላል። ያኔ ባዶ መዳብ ከባዶ መዳብ ጋር ይገናኛል። እሳት የሚነሳው በዚህ ሰዓት ነው። አምፖሉ ከተገጠመ ደግሞ ዓመታት ስላለፉ «ትልቅ አምፖል ስላደረግን ነው» ብሎ የሚያስታውስ የለም።

የራሴን ልንገራችሁ። አክስቴ ቤት ሳሎን ውስጥ አንድ የሚያምር ዝግ የመስታወት ሉል ነበረ። ዓይኗ ሲደክም 100 ዋት እንዳደርግላት ጠየቀችኝ። ገና ሙያውን እየተማርኩ ነበር፤ እሺ ብዬ አደረግኩ። ከዓመታት በኋላ ቤቱን ቀለም ልንቀባ ሉሉን ሳወርደው ሆልደሩ እጄ ላይ ዱቄት ሆነ። ከላዩ ያለው የቺፕውድ ኮርኒስ የድስት ክዳን በምታህል ክብ ጠቁሯል። አክስቴ ቀና ብላ አየችና «ጭስ ነው እንዴ?» አለች። እኔ መልስ አልነበረኝም።

ብሬከር አለኝ። ችግር ካለ ራሱ ጠልፎ መስመሩን ይቆርጥ የለ?

አይጠልፍም። ልክ እዚህ ላይ ነው ብዙዎች የሚሳሳቱት።

ሒሳቡ ቀላል ነው። የመብራት መስመር ላይ ብዙውን ጊዜ ያለው የ10 አምፔር ብሬከር ነው። በ220 ቮልት 2200 ዋት ይችላል ማለት ነው። 100 ዋት አምፖል የሚስበው ግማሽ አምፔር እንኳን አይሞላም። ብሬከሩ ይህንን ከምንም አይቆጥረውም። እሱ የሚያየው በሽቦው የሚያልፈውን የኤሌክትሪክ መጠን ነው። ሆልደሩ ላይ ያለውን ሙቀት አያይም። ሆልደሩ እየከሰለ ብሬከሩ «ሰላም ነው» ይላል። የሚጠልፈው ሽቦዎቹ ተነካክተው ብልጭ ካለ በኋላ ነው። ቺፕውድ ወይም አቡጀዲ ኮርኒስ አጠገብ ያ ብልጭታ አንዴ ይበቃዋል።

ለዚህ ነው ለኮንዶሚኒየምና ለድሮ ቤት አንድ ዓይነት መልስ የማልሰጠው። ባዶ ሲሚንቶ ጣሪያ ላይ የተንጠለጠለ ክፍት ሆልደር ሙቀቱ በነፃ ይወጣለታል። የጭቃ ቤት ኮርኒስ ግን ከላዩ የዓመታት አቧራ አለ፣ የአይጥ ጎጆ አለ፣ አንዳንዴም አይጥ የበላችው ሽቦ አለ።

60 የሚል መያዣ ላይ «ከ100 ዋት ጋር እኩል» የሚል ኤልኢዲ መግጠም እችላለሁ?

በደስታ። ካርቶኑ ላይ ሁለት ቁጥር አለ። ትልቁ፣ ማለትም 100፣ «የድሮውን የ100 ዋት ብርሃን እሰጣለሁ» የሚል ማስታወቂያ ነው። ትንሹ፣ ምናልባት 14 ወይም 15፣ እውነተኛው ዋት ነው። ከመያዣው ቁጥር ጋር የምታስተያዩት ትንሹን ነው። 15 ደግሞ ከ60 በብዙ ያንሳል።

ዋት ፍጆታን እንጂ ብርሃንን አይለካም። ብርሃን የሚለካው በሉመን ነው። የድሮው 60 ዋት ከ700 እስከ 800 ሉመን ይሰጣል፤ ኤልኢዲ ይህንን በ9 ዋት ገደማ ያመጣዋል። የድሮው 100 ዋት ከ1350 እስከ 1600 ሉመን ነበር፤ ኤልኢዲው በ15 ዋት አካባቢ ይደርስበታል። ስለዚህ መርካቶ ሄዳችሁ «ስንት ዋት ነው?» ከማለት «ስንት ሉመን ነው?» በሉ። ሻጩ ግራ ሊጋባ ይችላል። ካርቶኑን አገላብጣችሁ ራሳችሁ ፈልጉት።

በነገራችን ላይ የድሮው አምፖል ብዙ አገር ውስጥ ከገበያ ወጥቷል። አውሮፓ 100 ዋቱን በ2009፣ 60 ዋቱን በ2011 እ.ኤ.አ. ከገበያ ማስወጣት ጀመረች። አሜሪካ ተራውን የቤት አምፖል መሸጥ የከለከለችው በ2023 ነው። እኛ ጋ መብራት ኃይል አሮጌውን እየተቀበለ ያን ጠምዛዛ ቆጣቢ አምፖል ሲያድል ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። አሮጌው ግን ከየሱቁ ጥግ አሁንም አይጠፋም።

ዝግ ሉል ውስጥ የገጠምኩት ኤልኢዲ በጥቂት ወር ሞተ። ቀዝቃዛ ነው አልተባለም?

ከድሮው ጋር ሲነጻጸር ቀዝቃዛ ነው እንጂ ጭራሽ አይሞቅም አልተባለም። ኤልኢዲ አንገቱ ላይ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ አለችው። ሙቀት የምትጠላው እሷ ናት። ዝግ ሉል ውስጥ አየር ስለማይዘዋወር በራሷ ሙቀት ትታፈናለች። ቤት አያቃጥልም፤ ብራችሁን ግን ይበላል።

ካርቶኑ ላይ «ለዝግ መያዣ አይሆንም» የሚል ጽሑፍ ወይም ምልክት ካለ እመኑት። ለዝግ ሉል የሚሆን አምፖል ፈልጉ፤ ካጣችሁ ዝቅ ያለ ዋት ውሰዱ።

መያዣው ላይ ምንም አልተጻፈም። ምን ልያዝ?

መጀመሪያ በደንብ ፈልጉ። ብዙ ጊዜ ሆልደሩ አጠገብ በውስጥ በኩል ትንሽ ወረቀት ተለጥፋለች፤ ሙቀት አጥቁሯት ይሆናል። ካጣችሁ፣ ለድሮ አምፖል 60ን ጣሪያ አድርጉ። ጠባብ ወይም ዝግ ከሆነ፣ ወይም የጨርቅ አባዦር ከሆነ 40። ኤልኢዲ ከሆነ ይህ ሁሉ ጭንቀት የለም።

አንድ ነገር ግን እንዳያታልላችሁ። ሆልደሩ ላይ «4 አምፔር 250 ቮልት» ተቀርጾ ታዩ ይሆናል። አሜሪካ ከሆናችሁ «660 ዋት 250 ቮልት» ይላል። አንድ ዘመዴ ከሜሪላንድ ፎቶ አንስቶ «ይኸው 660 ይችላል!» ብሎኛል። ይህ ሆልደሩ ለብቻው የሚሸከመው ኤሌክትሪክ ነው። ሆልደሩ ሉል ውስጥ፣ አባዦር ውስጥ ሲገባ ያ ቁጥር አይሠራም። የሚገዛችሁ የሙሉ መያዣው ጽሑፍ ነው።

ጉዳት መድረሱን በምን አውቃለሁ?

በአፍንጫችሁ። መብራቱ ሲበራ የተቃጠለ ፕላስቲክ የሚሸት ከሆነ፣ ወይም ምንም ዓሣ ሳይኖር ቤቱ ዓሣ ዓሣ ካለ አጥፉት። አልቀለድኩም፤ አንዳንድ የሆልደርና የማብሪያ ፕላስቲክ ሲግል ሽታው የዓሣ ነው። እንዲህ ያለ ቤት ገብቼ የቤቱ እመቤት ፍሪጁን ባዶ አድርጋ ስታጥብ አግኝቻታለሁ።

ሌላው በዓይን ይታያል። ሆልደሩ ዙሪያ ቡናማ ወይም ቢጫ ቀለበት፣ የተሰነጠቀ ፕላስቲክ፣ የጠቆረ ኮርኒስ። አምፖሉ ብልጭ ድርግም ካለ ወይም ቶሎ ቶሎ ከተቃጠለም ሆልደሩ ይታይ። አምፖሉን አሳንሶ መተው ያበላሸውን አይመልስም፤ የከሰለ ሆልደር ይቀየራል፤ የደረቀው የሽቦ ጫፍም ይቆረጣል።

ለጫጩቶቼ ማሞቂያ 100 ዋት እጠቀማለሁ። እሱስ?

እዚህ የምትፈልጉት ሙቀቱን ስለሆነ ኤልኢዲ አይረዳችሁም። ትክክለኛ ዕቃ ያስፈልጋችኋል። ሆልደሩ የሸክላ ይሁን፣ ፕላስቲክ አይሁን። በተለይ 250 ዋቱን ቀይ የማሞቂያ አምፖል የምትጠቀሙ ከሆነ ይህ ለድርድር አይቀርብም።

የእሳቱ ምክንያት ግን ብዙ ጊዜ መውደቁ ነው። አምፖሉ በራሱ ሽቦ ይንጠለጠላል፣ ዶሮ ዘላ ትመታዋለች፣ ጭድ ወይም ሰጋቱራ ላይ ያርፋል። በሰንሰለት ወይም በብረት ሽቦ ስቀሉት። እሱ ቢበጠስ የሚይዝ ሁለተኛም ጨምሩበት። ከታቹ ካለው ጭድ ግማሽ ሜትር ያህል ይራቅ። ካርቶን ዙሪያውን ከልላችሁ ላዩን በጆንያ የምትሸፍኑ ሰዎች፣ እናንተን ነው የምለው።

አንዱን ሆልደር ሦስትና አራት የሚያደርግ ማባዣ አለ። ልጠቀምበት?

ድምሩን ቁጠሩ። 60 የሚል መያዣ ላይ አራት ባለ 40 የድሮ አምፖል ማለት 160 ነው። አራት ባለ 9 ኤልኢዲ 36 ነው፤ ያስኬዳል። ክብደቱም ሆልደሩን ስለሚጎትት ክፍት ቦታ ላይ ካልሆነ አልወደውም። ሻንደሊየር ላይ ግን ጽሑፉ ብዙ ጊዜ ለእያንዳንዱ አምፖል ለየብቻ ነው።

ከተጻፈው ያነሰ ዋት ብገጥምስ?

ምንም ችግር የለውም።

እኛ ሰፈር ማታ ማታ ቮልቴጁ ከፍ ይላል። ለውጥ አለው?

ለድሮው አምፖል በጣም። 220 የነበረው 250 ቢደርስ 100 ዋት አምፖል 120 ገደማ ይሆናል። ሙቀቱም እንደዚያው ይጨምራል፤ ዕድሜው ደግሞ በብዙ እጥፍ ያጥራል። «የዘንድሮ አምፖል አይረባም» ከማለታችሁ በፊት ቮልቴጁን አስለኩ። ምሽት ላይ ሳይሆን ሌሊት ሰው ሁሉ መብራት አጥፍቶ ሲተኛ ነው ብዙ ጊዜ ከፍ የሚለው። ፍሪጃችሁም ያው መስመር ላይ ነው፤ እንዲያውም ከአምፖሉ ይልቅ ለእሱ ነው የማስበው።

እህቴ ከአሜሪካ የጠረጴዛ መብራት አመጣችልኝ። አዲስ አበባ ይሠራል?

ከመብራቱ ጋር የመጣውን አምፖል አውልቁት። እነሱ ጋ 120 ቮልት ነው። እዚህ ስትሰኩት ለቅጽበት እንደ ፀሐይ ያበራል፣ ከዚያ ድርግም ይላል። የሆልደሩ ጥርስ ግን ከእኛ ባለ ጥርስ አምፖል ጋር በጣም ስለሚቀራረብ ይገባል። የእኛን 220 ቮልት ኤልኢዲ ግጠሙበት። ሽቦው አይጨነቅም፤ ለተመሳሳይ ዋት በ220 የሚያልፈው ኤሌክትሪክ በ120 ከሚያልፈው ግማሽ ገደማ ነው። የሙቀት ልኩ ግን አገር አይለይም። እዚያ 60 ያለው እዚህም 60 ነው።

በንክኪ የሚበራ፣ ማደብዘዣ ያለው ወይም ኤልኢዲው አብሮ የተሠራበት ከሆነ ግን ከታች «ከ100 እስከ 240 ቮልት» የሚል ፈልጉ። ከሌለ አትሰኩት። ዱባይና ኩዌት ያላችሁ ደግሞ ቮልቴጃችሁ ለእኛ ይቀርባል፤ ችግሩ ጥርስ ሳይሆን ሁለት ቀንድ ያለው አምፖል እዚያ በብዛት መኖሩ ነው። ለቤተሰብ ከመግዛታችሁ በፊት በስልክ ጠይቁ።

ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። ኮርኒሱ ውስጥ የገባው መብራት በራሱ ይጠፋል፣ ቆይቶ ይበራል። ጋኔን ነው?

አይደለም። ኮርኒስ ውስጥ የሚቀበሩት መያዣዎች የሙቀት መቁረጫ አላቸው። ከልክ ሲግሉ ይቆርጣሉ፣ ሲቀዘቅዙ ይመልሳሉ። የበዛ ዋት ገጥማችኋል፣ ወይም ቤቱ ሙቀት እንዲይዝ ከላይ የሚነጠፈው ጥጥ ደርቦበታል። ኤልኢዲ ቀይሩ። ያም ሆኖ ካልተወ ኮርኒሱ ላይ መውጣት የሚችል ባለሙያ ይይ። የተከራያችሁት ቤት ከሆነ ለአከራዩ በጽሑፍ አሳውቁት፤ በቃል «እሺ» ብቻ አትመለሱ።

ከ1985 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ ቤት ከሆነ ሌላ ነገርም አለ። በእነዚህ ቤቶች ብዙውን ጊዜ ያለው ሽቦ 60 ዲግሪ ብቻ የሚችል ነው። አዳዲስ መያዣዎች ብዙዎቹ 90 ዲግሪ የሚችል ሽቦ ይጠይቃሉ፤ ካርቶናቸው ላይ ተጽፏል። አሮጌ ቤት ላይ አዲስ መያዣ ስትሰቅሉ ይህችን አንብቧት።

ሻጩ 20 ዋት ኤልኢዲ ነው ብሎ ሸጠልኝ። ብርሃኑ ግን የ10 ነው። እንዴት ላረጋግጥ?

ቆጣሪያችሁ ይመሰክራል። ዲጂታል ቆጣሪ ላይ ብልጭ የምትል ቀይ መብራት አለች። አጠገቧ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ ብልጭ እንደምትል ተጽፏል፤ 1600 ነው እንበል። ፍሪጁን፣ ቴሌቪዥኑን፣ ቻርጀሩን ሁሉ ንቀሉ። ያን አምፖል ብቻ አብሩ። ከአንዱ ብልጭታ እስከሚቀጥለው ያለውን ሰከንድ በስልካችሁ ያዙ። 20 ዋት ከሆነ በየ112 ሰከንዱ ነው። 10 ከሆነ በየ225። ቆጣሪያችሁ ላይ ያለው ቁጥር ሌላ ከሆነ 3,600,000ን ለእሱ አካፍሉ፤ ያገኛችሁትን በያዛችሁት ሰከንድ ስታካፍሉ ዋቱ ይወጣል። አንድ ደንበኛዬ ይህንን ቪዲዮ ቀርጾ ለሻጩ አሳይቶ አምፖሉን አስለውጧል።

አምፖሉ ሆልደሩ ውስጥ ተጣብቆ እምቢ አለ። ምን ላድርግ?

ለረጅም ጊዜ ከልክ በላይ የጋለ አምፖል እንዲህ ያደርጋል። ከመንካታችሁ በፊት ብሬከሩን አውርዱ። ማብሪያ ማጥፊያውን ማጥፋት አይበቃም። አንዳንድ ቤት ውስጥ ማጥፊያው የተገጠመው ኤሌክትሪኩን በሚያመጣው ሽቦ (በፌዙ) ፈንታ በመመለሻው (በኒውትራሉ) ላይ ነው። መብራቱ ጠፍቶ ሆልደሩ ግን ይይዛችኋል። ማታ አጥፍታችሁት ኤልኢዲው ጭል ጭል የሚል ከሆነ፣ ይህም አንዱ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

አምፖሉ ይቀዝቅዝ፤ ሩብ ሰዓት ጠብቁ። ጓንት አድርጉ፣ መስታወቱን በወፍራም ጨርቅ ጠቅልሉ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ ትንሽ ወደ ግራ እያላችሁ አላሉት። ቢሰበር አትደንግጡ፤ ብሬከሩ እንደወረደ የቀረውን ብረት በፒንሳ ከጠርዙ ይዛችሁ ወደ ግራ አዙሩ። ከወጣ በኋላ ሆልደሩን በባትሪ እዩት። ውስጡ ከጠቆረ ወይም የታችኛዋ ምላስ ከሟሸሸች አዲስ አምፖል አትግጠሙበት፤ ሆልደሩን ቀይሩት።